ለከተራ ሌሊት የሚሆን ጋቢ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ከመስቀል በኋላ

ዘንድሮ ለጋሼ የምሰጠው ከሱቅ የተገዛ ነገር እንዳይሆን ቆርጫለሁ። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። በየዓመቱ ጥር 10 ታቦታቱን አጅበው ጃንሜዳ ይወርዱና እዚያው ያድራሉ። ሰዉ ወደየቤቱ ሲመለስ እሳቸው ከማኅሌቱ አይለዩም፣ ቅዳሴው እስኪገባ ይቆማሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የጥር ሌሊቷን በሜዳ ያደረ ያውቀዋል።

አምና የለበሱት ጋቢ ወፍራም ነበር፣ ግን አልሞቃቸውም። ሰሞኑን ሊታጠብ እኔ ዘንድ ሲመጣ ከጫፉ አንዲት ክር መዘዝኩና በክብሪት ለኮስኳት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ብን ይላል። ይህችኛዋ ግን ተኮማትራ ቀለጠችና ጠጣር ጥቁር ፍሬ ሆና ቀረች። ሰው ሠራሽ ክር ገብቶበታል ማለት ነው። ሐሳቡ የመጣልኝ ያኔ ነው።

እቅዴ ይህ ነው። ማጉን፣ በአግድም የሚገባውን ክር፣ እኔው እፈትላለሁ። ድሩ፣ በቁመት የሚወጠረው፣ ከፋብሪካ የወጣ የጥጥ ክር ይሆናል፤ ዛሬ አብዛኛው ሸማኔ የሚሠራውም እንዲሁ ነው፣ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል። ሽመናውን ለሽሮ ሜዳ ሸማኔ እሰጣለሁ። እሱን እኔ ልሞክረው ብል ድፍረት ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ ከአባት የሽመና ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ የሚለመድ ሙያ ነውና። ፈትል ግን የሴቶቻችን የቤት ሥራ ነበር። አያቴ ትፈትል ነበር፣ እናቴም ታውቅበት ነበር። እኔ ጋ ሲደርስ ተቋርጧል።

ጥቅምት መግቢያ

ከፒያሳ ታክሲ ይዤ መርካቶ ሄድኩና ጥጥ ገዛሁ፤ ለመማሪያ የሚሆን ትንሽ ፍሬ ያለው፣ ለሥራው ደግሞ ፍሬው የወጣለት። ሻጩ ፍሬ ያለውን ለምን እንደፈለግሁት ጠየቀኝና ስነግረው ከሥር ቆፍሮ ንጹሑን መረጠልኝ።

መምህሬ ከታች ቤት ያሉት እማማ ናቸው። ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ከቀድሞ ቤታቸው ይዘው የመጡት ዕቃ ብዙ አልነበረም፤ መዳመጫው ግን አብሮ መጥቷል። ለስላሳ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ከላዩ ላይ የሚንከባለል የብረት ዘንግ፣ በቃ። ጥጡን ድንጋዩ ላይ ዘርግተው ብረቱን በመዳፋቸው ወደ ፊት ሲገፉት ፍሬው ከፊት እየተፈናጠረ ይወጣል፣ ጥጡ ወደ ኋላ ይቀራል። ፋብሪካ ውስጥ በማሽን የሚሠራው ያው ይህ ነው፦ ፍሬው የማያልፍበት፣ ጭረቱ ብቻ የሚያልፍበት ጠባብ ቦታ መፍጠር። እማማ ይህን ያደረጉት ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ ነው። እኔ ተራዬ ሲደርስ አንገቴና ትከሻዬ የደነዘዘው ገና እፍኝ ሳይሞላ ነበር።

ቀጥሎ ደጋን። የደጋኑን ጅማት ጥጡ ውስጥ አስገብቶ መንደፍ ነው፤ ጅማቱ በተወዘወዘ ቁጥር የተጠቀጠቀው ጥጥ እየተፈታ ይነፋል፣ አቧራና ስብርባሪ ቅጠል ይራገፋል። ሲያልቅ ባዘቶ ይሆናል። ድምፁ የደረጃውን ልጆች ሁሉ በር ላይ ሰበሰባቸው። አንዷ ትንሽ ልጅ «ይሄ ሙዚቃ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ እማማ ደጋኑን ሰጥተዋት እስኪመሽ ስትነድፍ ቆየች።

ጥቅምት አጋማሽ

ፈትል። ከሥራ መልስ፣ እራት ከቀረበ በኋላ፣ እማማ ዘንድ እወርዳለሁ።

ብዙ ላስብበት የቻልኩት እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። አንዲት የጥጥ ጭረት ርዝመቷ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 30 ሚሊሜትር አይበልጥም። ብቻዋን ምንም አትይዝም። እንዝርቷ ስትሽከረከር ግን ጭረቶቹ እርስ በርስ ይጠመጠማሉ፣ መተሻሸታቸው ያያይዛቸዋል፣ ክንድ ሙሉ ክር ይወጣል። ግራ እጅ ባዘቶውን በመጠን ይለቃል፤ ቀኝ እጅ እንዝርቷን ጭን ላይ አንከባልሎ ይለቃታል። ብዙ ከለቀቁ ክሩ ይወፍርና ይልማል፤ ከያዙት ይቀጥንና ይበጠሳል። የተበጠሰውን ለመቀጠል ጫፉን ፈታ አድርጎ አዲስ ባዘቶ ማልበስ ነው፤ ቋጠሮ አያስፈልገውም።

በፋብሪካ ክርና በእጅ ፈትል መካከል ያለውን ልዩነት በጣቴ ሳልይዘው በፊት በወሬ ብቻ ነበር የማውቀው። ድር ተወጥሮ የሚኖር ነው፣ በየመርገጫው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ የከረረና እኩል መሆን አለበት። ማግ ግን አይወጠርም። ላላ ብሎ፣ ፈርጠም ብሎ ሊገባ ይችላል። በላላው ክር ውስጥ አየር ይቀመጣል፤ ሰውን የሚያሞቀው ከጥጡ ይልቅ ያ ሳይንቀሳቀስ የተያዘ አየር ነው። ጋቢ ደግሞ አራት ንብብር ስለሆነ በየመካከሉም አየር አለ። የእናቶች ፈትል ይሞቃል የሚባለው ስለ ፍቅር ብቻ የተባለ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በእጅ የሚዳሰስ ምክንያትም አለው።

ዛሬ ክሩን አጥብቄ ሳከር እማማ እንዝርቷን ከእጄ ወሰዱ።

«ለማን ነው ያልሽኝ?»

«ለአጎቴ።»

«ዕድሜያቸው?»

ነገርኳቸው።

«እንግዲያው አታክሪው። ሽማግሌ ትከሻ ከባድ ነገር አይወድም። ላላ ይበል፣ ይሳሳ፣ ሙቀቱ አይቀርም።»

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ምሽት ስፈትል የማስበው ያንን ትከሻ ነው። ግራው ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ ድሮ መጽሐፍ ቤት ሲሠሩ የተሸከሙት ጥራዝ ያጎበጠው ይመስለኛል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አየዋለሁ፣ ግን ስለ እሱ አስቤ አላውቅም ነበር። በእጅ የተሠራ ስጦታ ዋጋው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ሠሪው ሰውየውን ካላሰበ ሥራው አይቀጥልም። ክሩ ይወፍራል ወይስ ይቀጥናል የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው የተቀባዩ ሰውነት ነው። ሱቅ ገብቼ ብገዛ ኖሮ ስለ ጋሼ የማስበው ዋጋ እስክከራከር ድረስ ብቻ ነበር።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ጠዋቱን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ሲያጤስ ዋለ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ከተማዋን የፈጀውን ወረርሽኝ፣ የኅዳር በሽታ የምንለውን፣ ማስታወሻ ሆኖ የቀረ ልማድ ነው። ፈትሉን በነጠላ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባሁት፤ ነጭ ክር ጭስ ይጠጣል።

መሥሪያ ቤት አንዲት ባልደረባዬ ስለ ሥራዬ ሰምታ አጥብቃ ጠየቀችኝ። «በዚህ ኑሮ ውድነት ሰውዬው ገንዘቡን ቢያገኙት አይሻላቸውም?» አለች። ክፋት የለባትም፤ ሠርግ ላይም ልደት ላይም ፖስታ መስጠት የተለመደው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ተቀባዩ የጎደለውን ይሞላበታል። መልሴን እዚህ ላይ በደንብ ልጻፈው። ገንዘብ ለሚቸገር ሰው ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ጋቢ ፈትዬለት አልቀመጥም። ጋሼ ግን የሚቸግራቸው ሌላ ነው። ልጆቻቸው ውጭ ናቸው፣ በየወሩ ገንዘብ ይልካሉ፣ በስልክ ይጠይቃሉ። አጠገባቸው ተቀምጦ ጊዜውን የሚሰጣቸው ሰው ነው ያነሰው። እኔም ከአራት ኪሎ እሳቸው ቤት ድረስ በእግር የምደርስ ሆኜ በበዓል በበዓል ብቻ ነው የምሄደው። ይህን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ግን በየሳምንቱ ቅዳሜ እየሄድኩ ነው፤ አለባበሳቸውን ማየት፣ ቁመታቸውን በዓይን መለካት ነበረብኝና። ጋቢው ሳይደርስ ሥራው እሳቸው ቤት አስገብቶኛል።

ኅዳር መጨረሻ

የእናቴን ሣጥን ከፈትኩ። አያቴ ፈትላ ያሠራችላት ጋቢ የነበረው እዚያ ውስጥ አለ፤ አሁን ግን ጋቢ አይደለም። ጠርዙ ሲያልቅ እናቴ ዙሪያውን ስፌቱን ፈትታ ንብብሩን ለያየችው። ያልተጎዳው ክፍል ለሁለት እጥፍ ኩታ በቃ። ከቀሪው እኔ ስወለድ የታቀፍኩበት ወጣ፣ ታናሽ ወንድሜም ታቅፎበታል። የመጨረሻው ቁራጭ ዳቦ መሸፈኛ ሆኖ እኔው ራሴ አውቀዋለሁ። አንድ ሴት በየምሽቱ የፈተለችው ክር ሁለት ትውልድ አገልግሏል ማለት ነው፣ ገናም አላለቀም፤ ዛሬ በእጄ ስስበው አልተቀደደም።

እማማ ሲያዩት ክሩን በጣታቸው አሻሹና «ይህች ሴት እጇ ቀጥ ያለ ነበር» አሉ። አያቴን አያውቋትም። ከሞተች ብዙ ጊዜዋ ነው። ግን ስለ እጇ በትክክል ተናገሩ፤ ቀልጣፋና ለሥራ ጥንቁቅ ሴት እንደነበረች እናቴ ሁሌም ትለኝ ነበር። ይህን ስሰማ ልቤ ሞላ፣ ለማንም አልደበቅኩትም።

ታኅሣሥ መግቢያ

የፈተልኩት ለአራት ንብብር አይበቃም። ይህ ገና ከጅምሩ ግልጽ ነበር፤ በምሽትና በእሑድ ብቻ የሚፈተል ክር ለጥምቀት አይደርስም። ሁለት መንገድ ነበረኝ፦ ቀጭን ኩታ ማሠራት፣ ወይም የጎደለውን የሌሎች ሴቶች ፈትል ገዝቶ መሙላት። ሁለተኛውን መረጥኩ። ኩታ የከተራን ሌሊት አያሳልፍም።

ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። ከስድስት ኪሎ፣ ከየካቲት 12 ሐውልት ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወስደው መንገድ ነው። መንገድ ዳር የተሰቀሉት ቀሚሶች ሁሉንም ያሳያሉ፤ እኔ የምፈልገው ግን ከሱቆቹ ጀርባ ነው፣ ልቃቂት፣ የተጠቀለለ ፈትል፣ ይዘው የሚሸጡት ሴቶች። አንዷን መርጬ ተቀመጥኩ። ከባዘቶ እስከ ክር በራሷ እጅ የሠራችው መሆኑን እያሳየችኝ የእኔንም ልቃቂት አገላብጣ አየችው፣ ከዚያ ከራሷ ውስጥ ለእኔ አፈታተል የሚቀርበውን መረጠችልኝ። ጨዋ ሴት።

«የራስሽ ፈትል ብቻ ካልሆነማ በእጅሽ የሠራሽው ሊባል ነው?» የሚል ሰው ይኖራል። ይባላል። ጋቢ መቼም የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ አያውቅም። አንዷ ትፈትላለች፣ ሌላው ያደውራል፣ ሌላው ይሸምናል፣ ሌላዋ ጠርዙን ትዘመዝማለች። በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ግን የአንድ ሰው እጅ ቆሞ አስቦበታል፤ የእኔም አንዱ ነው።

ሸማኔውን እማማ ናቸው ያመላከቱኝ፤ ቤተ ሰቡ ከጋሞ ደጋ ከዶርዜ የመጣ ነው። ከዋጋ በፊት ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ቁመታቸው ስንት ክንድ ይሆናል እህቴ? ቆመው ነው የሚለብሱት ወይስ ተቀምጠው?»

«ቆመው ያድራሉ፣ ለማኅሌት።»

«በጣም ረጅም አናድርገው፤ ሲያጣፉት ከእግራቸው ሥር ይገባና ያደናቅፋቸዋል። ጥለቱስ?»

ጥለቱን ቀጭን አድርግልኝ አልኩት፣ አረንጓዴ፣ ጣት የማይሞላ። ጋሼ ደማቅ ነገር አይወዱም። ዋጋው ተሠርቶ ከተሰቀለ ጋቢ በለጠ፤ ድሩና የገዛሁት ማግ ሲደመርበት በጣም በለጠ። በእጅ የተሠራ ይረክሳል ብሎ ለሚነሳ ሰው ይህን አስቀድሜ ልንገረው። የሸማኔው ድካም ቅናሽ የሚጠየቅበት አይደለም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን

ድሩ ተወጥሯል። ሸማኔው ፈቅዶልኝ ግማሽ ቀን አጠገቡ ዋልኩ።

መሬቱ ተቆፍሯል፤ እሱ ከጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰዳል። መርገጫውን በቀኝ ሲረግጥ ከድሩ ግማሹ ይነሳል፣ በግራ ሲረግጥ ሌላው ግማሽ። በተከፈተው መሐል መወርወሪያው ያልፋል። ልጁ ጥግ ይዞ ማጉን ቀሰም ላይ ያደውራል፤ ባዶ ቀሰም ሲወጣ ሙሉው ይገባል፣ ቃል አይለዋወጡም። የሸማው ወርድ መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ከሚደርስበት አይበልጥም። ስለዚህ ጋቢ ረጅም ሆኖ ይሸመንና ተቆርጦ ጎን ለጎን ይገጠማል፣ ከዚያም ተደራርቦ አራት እጥፍ ይሆናል።

የእኔ ፈትል ሲገባ ሳልነግረው አወቀ። «ይሄ ያንቺ ነው» አለኝ። «ጥቅምት ላይ የፈተልሽውና ታኅሣሥ ላይ የፈተልሽው ይለያያል፤ መጨረሻው ጥሩ ነው።» የመጀመሪያዎቹን ልቃቂቶች ለውስጠኛው ንብብር፣ የኋለኞቹን ደረት ላይ ለሚውለው አደረጋቸው። የገዛሁትን መካከል አሰለፈው። እንደዚህ ብሎ ማቀድ የማሽን ሥራ ላይ የለም፤ ማሽን ክር ሁሉ አንድ እንዲሆን ይፈልጋል፣ እሱ ግን የክሩን ልዩነት አይቶ ለየቦታው መደበው።

ከገና በኋላ

ጋቢው ወጣ። ጠርዙን እማማና እኔ በጋራ ዘመዘምነው፤ እሳቸው ከአንድ ወገን፣ እኔ ከሌላው።

አዲስ ጋቢ ሳይታጠብ አይለበስም። ገና ከድር ሲወርድ ደረቅ ነው፣ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል፣ ክሩ ይነፋል፣ ያኔ ነው የሚለሰልሰው። እማማ ሳሙና ከለከሉኝና እንዶድ አመጡ። የደረቀውን ፍሬ ወቅጠው ውኃ ውስጥ ሲጨምሩት አረፋው ተነሳ። ነጭ ሸማ በእንዶድ ማጠብ የቆየ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች፣ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ ነው ምርምሩን የጀመረው፤ ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎች ነበሩ። የሴቶች የልብስ አጠባ ለሳይንስ በር ከፈተ። ይህን ለእማማ ስነግራቸው «እኛማ ልብስ ማንጻቱን ብቻ ነበር የምናውቀው» ብለው ውኃውን ለአትክልት እንዳልደፋው አስጠነቀቁኝ።

ጨምቀን አልጠመዘዝነውም። በጥላ፣ በረንዳው ላይ ተዘርግቶ ደረቀ። ሲደርቅ ሳነሳው አምና ከገዛሁት ይቀላል፣ ግን ይነፋል።

የከተራ ዋዜማ

ዛሬ ለጋሼ ሰጠሁ። ሥላሴ ካቴድራል ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ቤታቸው ጠበቅኳቸው። በወረቀት አልጠቀለልኩትም፣ በእጄ አጥፌ ይዤው ገባሁ።

ተቀብለው መጀመሪያ ያዩት ጥለቱን ነው። ከዚያ ጨርቁን በመስኮቱ ብርሃን ፊት ከፍ አድርገው የክሩን ወጣ ገባ ተመለከቱ። «ይህንን ማን ፈተለው?» አሉኝ።

«እኔ። የተወሰነውን እኔ፣ የተወሰነውን ሽሮ ሜዳ ያለች ሴት።»

ዝም ብለው አላለፉም፤ የትኛው የእኔ እንደሆነ እንዳሳያቸው አዘዙኝ። ደረት ላይ የሚውለውን አሳየኋቸው። «አያትሽ ብትኖር...» ብለው ጀመሩና መረቁኝ፤ ረጅም ምርቃት ነበር፣ አሜን እያልኩ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ከዚያ ቆመው አጣፉት። ግራ ትከሻቸው ላይ አልተንሸራተተም፣ ከእግራቸውም በላይ ቀረ። ሸማኔው የለካው በጆሮው ሰምቶ ብቻ ነበር።

ከዚያ ያልጠበቅኩት ሆነ። የሸማኔውንና የፈታይዋን ስም ጠየቁኝ፣ ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጻፉ፣ የእማማንም ጨመሩ። በቃና ዘገሊላ ማግስት ሽሮ ሜዳ ወስጄ ከሸማኔው ጋር ላገናኛቸው ተስማምተናል፤ ባዶ እጃቸውን እንደማይሄዱ ነግረውኛል። እማማ ደግሞ ለጥምቀት ምሳ ተጠርተዋል።

ለራሴ የቀረ ሥራ፦ የተረፉትን ልቃቂቶች በጨርቅ ቋጥሬ እናቴ ሣጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ጋቢው ሲሳሳ መጣፊያው ከዚያው ክር ይሁን። የገዛሁት ባዘቶ ግማሹ አላለቀም። ደጋኑን ስትነድፍ የዋለችው የጎረቤት ልጅ እንዝርት ጠይቃኛለች፤ ቅዳሜ ከእማማ ጋር እንጀምራለን።